ሁለቱ ተዝካሮቼ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በድቅድቅ ጨለማ ወጣሁ» ይላል። እኔ የወጣሁት በቀትር፣ በዳንግላ የገበያ ቀን፣ ድንች በጫኑ አህዮች መሀል ነው። በጨለማ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ጠመንጃውን ታቅፎ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በቀትር ግን እሱም ገበያ ነው። ይህን ብልሃት የነገረኝ አያ ቢሻው ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ማር ነጋዴ፣ ሲዋሽ ዓይኑን የማያርገበግብ ሰው። «ሰው የሚጠፋው ሰው በበዛበት ነው» አለኝ። ጋቢዬን አስወልቆ የራሱን አሮጌ ካፖርት ደረበልኝ። ጋቢውን ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁትም። ነገር የሚገባኝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ያኔም፣ አሁንም።

ታላቅ የፖለቲካ ሰው ሆኜ የሸሸሁ እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ የዘመኔ ሰዎች እዚህ ሲያወሩ ብትሰሙ፣ ደርግ ከእነሱ በቀር ሌላ ጠላት አልነበረውም። እኔ የራዳር ተመልካች ነበርኩ። ቴክኒክ ተምሬ እንደጨረስኩ ውትድርና ወሰደኝ፤ መስኮቦች በአስተርጓሚ አስተማሩኝ፤ ከዚያ ክብ መስታወት ፊት አስቀምጠው አረንጓዴ ነጥብ ጠብቅ አሉኝ። አንድ ቀን ነጥብ መጣችና ጠፋች። «ዝናብ» ብዬ መዘገብኩ። የእንጅባራ ልጅ ዝናብ ያውቃል ብዬ ነዋ! የፖለቲካ ኃላፊው አስጠራኝ።

«ጓድ አመዱ፣ ያ ዝናብ ክንፍ ነበረው ይባላል።»

«እንደዚያ ያለ ዝናብ በእኛ አገር የለም ጓድ።»

«ይጣራል» አለኝ።

ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የነበረው ልጅም «ይጣራል» ተብሎ ነው ወንበሩ ለእኔ የደረሰኝ። እናቴ ታማለች ብዬ ፈቃድ ለመንኩና ቤቴ መጣሁ። እናቴን ያገኘኋት ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጓሯችን ጎንበስ ብላ ድንች ስትኮተኩት ነው። የታመመው እኔ ነበርኩ፣ በፍርሃት። ለአያ ቢሻው ብቻ እውነቱን ነገርኩት። ስወጣ እሷን «ገበያ ደርሼ ልምጣ እምዬ» አልኳት። «ጨው እንዳትረሳ» አለችኝ። ይኸው እስካሁን ገበያ ነኝ።

ስለ ስሜም ጥቂት ልበል፤ ኋላ ያስፈልገናል። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ልጆች ስለሞቱባት እናቴ እኔን «አመዱ» አለችኝ። ሞት ሰምቶ «አመድ ምን ያደርግልኛል» ብሎ በደጃችን እንዲያልፍ ነው። ሌላም ስም አውጥታልኝ ነበር። ጆሮዬ ሥር ብቻ የምትለው፣ በአገውኛ፣ ጣፋጭ ስም። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ሞት መጽሐፍ ያነባል ብዬ አይደለም፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጥንቃቄ አይከፋም።

ከዳንግላ ወደ ቻግኒ፣ ከቻግኒ ቁልቁል ወደ ጉባ፣ ከጉባ ሱዳን። የእንጅባራ ሰው ለቆላ አልተፈጠረም፤ እኛ እንደ ቀርቀሃችን ጭጋግ ካላገኘን እንጠወልጋለን። ላቤ በግንባሬ ሲወርድ ዘነበ ብዬ ቀና እል ነበር። አብረውኝ የነበሩት ነጋዴዎች «ይሄ ልጅ አበደ» ብለው ከአህዮቹ ኋላ አደረጉኝ። ኻርቱም ላይ የተሰበረ ሬዲዮ እየጠገንኩ ከረምኩ። ኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሆላንድ ለሚባል አገር ሰው ሲመርጥ እኔንም ቆጠረኝ። ሆላንድ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሆላንዶችም እንጅባራን ስለማያውቁ እኩል ነን ብዬ ሄድኩ።

ስደተኛ መዝጋቢው ሹም ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር።

«ስምህ?»

«አመዱ።»

«ትርጉም አለው?»

«አመድ ማለት ነው።»

ሊጽፍ ጀምሮ ቆም አለ። «የምን አመድ?»

«እሱን ሳላጣራ ነው የወጣሁት ጌታዬ።»

«ሥራህስ?»

«ራዳር ማየት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ምን ታይ ነበር?»

«ምንም። ጥሩ ቀን ከሆነ ምንም አይታይም። መጥፎ ቀን ከሆነ ደግሞ ‹አይተህ ደብቀሃል› ይሉሃል።»

ብዙ አየኝ። ሰላይ ነው እንዳይል ሞኝነቴ ከፊቴ ይነበባል፤ ሞኝ ነው እንዳይል ደግሞ ራዳር የሚባል ነገር አለ። በመጨረሻ ሞኝነቴ አሸነፈና የመኖሪያ ፈቃድ ሰጡኝ።

ሮተርዳም በምትባለው የወደብ ከተማ፣ የአንዲት መበለት ቤት ጣሪያ ሥር ክፍል ተከራየሁ። ሴትዮዋን ሜቭሮው እላታለሁ፤ እኛ እሜቴ እንደምንለው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከብስኩት ቆርቆሮ አንዲት ብስኩት አንስታ ሰጠችኝና ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። እኔ እስክትለምነኝ እጠብቃለሁ። በእኛ አገር እንግዳ «በሞቴ» እየተባለ በግድ ይጎርሳል፤ ሆላንድ ውስጥ ለብስኩት ሲል የሚሞት ሰው የለም። ምሳቸው ስታምፖት ነው፤ ድንች ከጎመን ጋር ተቀቅሎ ተደፍጥጦ።

«በአገርህ ድንች አለ?» አለችኝ ሜቭሮው።

«ሞልቷል። ግን ጥርስ ላለው ሰው ነው የሚቀርበው።»

ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ብስኩት ሆነልኝ። ዝናቡ ግን የእኛው ዝናብ ነበር፤ ያው ቀኑን ሙሉ የሚያላዝነው። ልዩነቱ የሚያርፍበት ተራራ የለውም፤ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ለኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ፤ አንድ የወደብ ራዳር የሚሠራ ድርጅት ቀጠረኝ። ራዳር ከአገሬ እስከ ሮተርዳም ተከትሎኝ መጣ ማለት ነው። ሥራዬ ይህ ነበር፦ ድልድዩ፣ ክሬኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ የማይንቀሳቀሰው ሁሉ በስክሪኑ ላይ ብርሃን እየሆነ መርከቡን ይጋርዳል። እኔ የቆመውን ሁሉ የሚያጠፋ፣ የሚሄደውን ብቻ የሚያስቀር ፕሮግራም ጻፍኩ። አለቆቼ ደስ አላቸው። እኔ ግን ስክሪኑ ፊት ስቀመጥ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። በዚህ ሒሳብ እናቴ ከነጓሮዋ፣ ከነተራራዋ ትጠፋለች፤ የምቀረው እኔ ሸሽቼ የምሄደው ነኝ። አንዳንዴም መርከብ በሌለበት ባዶ ውሃ ላይ ነጥብ ትታያለች፤ የማዕበሉ ነጸብራቅ ናት። ሆላንዶች ስፖክ ይሏታል። መንፈስ ማለት ነው፣ የሙት መንፈስ። «አመዱ፣ ስፖክ መጥቷል፣ አጥፋው» ይሉኛል። አጠፋለሁ።

አንድ ቀን የእኛን ባንዲራ የያዘ የጭነት መርከብ ወደብ ገባ። ከሥራ ስወጣ ወደ መርከበኞቹ ሻይ ቤት ሮጥኩ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ዳቦ የሚገምጥ አንድ ሰው አየሁ፤ ምናለ! ዳንግላ አብሮኝ የተማረ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ። በአገውኛ ሰላም አልኩት። ቀና አለ። ዳቦው ከእጁ ወደቀ፤ አማተበ።

«በስመ አብ! አንተ ሞተሃል እኮ!»

«መቼ?»

«ከዚያች ገበያ በኋላ። ጉባ ላይ ወንዝ ከድንጋይ እያላተመ ወሰደህ። አያ ቢሻው በደም የራሰ ጋቢህን ይዞ መጣ፤ በጋቢህ ተለቀሰ። ዳማ ፈረስህን ሸልመው ከነባዶ ኮርቻው ለቅሶውን አዞሩት። እኔ ራሴ ተዝካርህን በልቻለሁ!»

ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና እጁን ሰበሰበ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነኝም።

«ምን ነበር የተበላው?» አልኩት።

«ጾም ነበር፤ ሽሮ።»

«ጠላውስ?»

«እውነቱን ልንገርህ? ቀጭን ነበር።»

ለካ ሰው በራሱ ተዝካር ጠላ መቅጠንም ያፍራል! ሳቅሁ። ከዚያ «እምዬስ?» አልኩት፤ ሳቄ እዚያው ቀረ።

«አልጮኸችም» አለኝ። «ጋቢህን ታቅፋ አሸተተችው። ‹ይሄ የጭስ እንጂ የውሃ ሽታ የለውም› አለች። ሴቶቹ ሐዘን ነው የሚያስቀባጥራት ብለው አፏን ያዙ።»

ለአያ ቢሻው በምናለ ቃል ላክሁ። ባሕር ወጥቶ እስኪመለስ ስጠብቅ ሜቭሮው ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ታመሃል?» ትለኛለች። «ሞቻለሁ ሜቭሮው» እላታለሁ። «ሥራ በዝቶብህ ነው» ትላለች።

ምናለ ተመልሶ የነገረኝ እንዲህ ነው። እኔ ከጠፋሁ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እናቴን በየሳምንቱ እያስጠራ ፀሐይ ላይ ያቆማት ነበር። «ልጅሽን አምጪ፣ ያለበለዚያ መሬቱን ለማኅበር እናደርገዋለን።» አያ ቢሻው ያን ጊዜ ጋቢዬን የፍየል ደም አስነካውና ገደለኝ። ከለቅሶው በኋላ እናቴን ማንም አልነካትም።

«ለእሷስ ለምን አልነገራትም?»

«ጠየቅሁት። ‹ሊቀመንበሩ ለቅሶ አዋቂ ነው፤ የውሸት እንባ ከሩቅ ይሸተዋል። እህቴ ደግሞ ማስመሰል አትችልም› አለኝ። ለአንተም ‹የሞተ ሰው አርፎ ይተኛል በለው› ብሎሃል።»

«እሷ እንዴት ናት?»

ምናለ ባርኔጣውን ያገላብጥ ጀመር። «ከሉን አላወልቅም ብላለች። ሙት ዓመትህም ካለፈ ቆየ። እህል አይገባላትም፤ እንደ ጭራሮ ሆናለች። እኔ የማውቃት ሴትዮ አይደለችም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በድምፄ ካሴት ቀድቼ ብልክ፣ ካሴቱ ቢያዝ ልጇ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ እሷም ተመልሳ ፀሐይ ላይ ናት። ዝም ብል በሌለ ሞት እያለቀሰች ልትሞት ነው።

በዚያው ሰሞን ሥራ ቀይሬ ነበር። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን የሚሠራ ቡድን የራዳር ሰዎችን ይፈልግ ነበር። ማዕበል ማዕበል ነው፤ ከመርከብ ተመለሰ ከጉሮሮ ወጣ፣ ሒሳቡ ወንድማማች ነው። የሰውን ድምፅ ወስደን ቁጥር እናደርገዋለን፤ ከቁጥሩ ማሽኑ መልሶ ይናገራል። የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ጠባብ ስለነበር በቃል መሀል ያለው ትንፋሽ ቦታ ይበላብናል። የእኔ ድርሻ ትንፋሹን መቁረጥ ነበር። ተክኜበታለሁ፤ በፊት ተራራ አጠፋ ነበር፣ አሁን ትንፋሽ።

እና ብልሃት መጣልኝ! የማሽን ድምፅ የማንም ድምፅ አይደለም፤ ቢያዝ ማንም ላይ አይመሰክርም። በራሴ ጉሮሮ አገውኛ ተናግሬ ቁጥር አደረግሁት፤ ከቁጥሩ የእኔን ለዛ አውጥቼ የማሽኑን ንዝረት አገባሁበት። ሦስት ነገር ነው የሚለው። መጀመሪያ ያቺን የጆሮ ሥር ስም፤ ቀጥሎ «አለሁ»፤ ቀጥሎ «ከሉን አውልቂና ብዪ»። ማንነቴን በስሙ ታውቃለች፤ ሌላ ሰው አያውቅም። ካሴቱን ከፊትም ከኋላም ዘፈን ሞላሁበት። ከብልሃቴ የተነሳ ለራሴ ጥሩ ብስኩት ገዛሁ።

ከመላኬ በፊት ለሜቭሮው አሰማኋት።

«ማነው ይሄ?» አለች። «ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተማ እዚህ ነህ» አለችኝ፤ ከወንበሯ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸች። እኔ የሆላንድ ሴት ስለ አገውኛ ምን ታውቃለች ብዬ ሳቅሁባት።

ምናለ ካሴቱን ወሰደ። ሲመለስ ሻይ ቤት ውስጥ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«አሰማት?»

«አሰማት። አያ ቢሻው በር ዘግቶ አጫወተላት። ‹ድገመው› አለች። ደገመው። ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ ሰማችና ቀና አለች። ‹ይህን ስም ከእኔና ከልጄ ሌላ የሚያውቀው ሞት ብቻ ነው› አለች። ‹ደግሞ ስሙት፤ አይተነፍስም። ሲናገር የማይተነፍስ ምን ይባላል?›»

«አያ ቢሻው ታዲያ አልነገራትም? ዋሽቼሽ ነው፣ አለ፣ አላላትም?»

«አለቀሰ ሰውዬው! ‹ጋቢውን ደም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ልጅሽ አለ› አላት። ‹ዝም በል ቢሻው› አለችው፤ ‹ሙት አይዋሽም፤ የምትዋሸው አንተ ነህ።›»

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ጎረቤት በቀርቀሃው አጥር በኩል የማይታወቅ ድምፅ ሰማ፤ ወሬው ሊቀመንበሩ ዘንድ ደረሰ። መጣና «እቤትሽ ማን ነው የተናገረው?» አላት። እናቴ ሳትደነግጥ፣ «ልጄ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ነፍሱ አላረፈችም። ሁለተኛ ተዝካር ላወጣለት ነው፤ እርስዎም ይምጡ» አለችው። በየስብሰባው ነፍስ የሚባል ነገር የለም እያለ የሚያስተምረው ጓድ መጥቶ ከፊት ተቀምጦ በላ።

«የዚህኛው ጠላ ደግ ነበር» አለኝ ምናለ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ሥራ ቦታ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ የካሴቱን ቅጂ እሰማዋለሁ። ያ ድምፅ እኔን ያውቀኛል፣ እኔ ግን አላውቀውም። እውነቷን ነው፤ አይተነፍስም። በስብሰባ መሀል እጄ ሳላዝዘው ደረቴ ላይ ይሄዳል፤ ደረቴ ይነሣል ይወድቃል፣ ይነሣል ይወድቃል። ሰው ስሜን ሲጠራኝ ቶሎ መመለስ ያቅተኝ ነበር፤ የጠሩት ሌላ አመዱን፣ እዚህ የቀረውን ይሁን እዚያ የተቀበረውን፣ መለየት አለብኝ። ሁለት ጊዜ ተዝካሩ የተበላለት ሰው በከተማው ትራም በነጻ መሄድ ነበረበት ብዬ ለሜቭሮው ባወራላት አልሳቀችም።

በመጨረሻ የመጣው ይምጣ አልኩ። በምናለ ቃል ላክሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ገበያ፣ አያ ቢሻው ማር ገዢ ሊያነጋግር ነው ብሎ እህቱን ይዞ ዳንግላ ቴሌ ይምጣ። በማሽን አይደለም፤ በራሴ ጉሮሮ ነው የማናግራት። ስትሰማ ታውቀኛለች፤ ካወቀችኝ ከሉን ታወልቃለች። ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ሆላንዷ ኦፕሬተር ለአዲስ አበባ ሰጠችኝ፣ አዲስ አበባ ለባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ለዳንግላ። አንዲት ወጣት ድምፅ «ዳንግላ፣ ይነጋገሩ!» አለች፤ ከመስመሩ ግን አልወጣችም፤ ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«ሃሎ» አለች እናቴ። የስልኩን እጀታ ከአፏ አርቃ እንደያዘችው ታወቀኝ።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት በአገውኛ። «ልጅሽ ነኝ። ይኸው እየተነፈስኩ ነው።»

ዝም። የማውቀው ዝምታ ነው ልበል? ሰባት ባሕር የሚያቋርጥ ዝምታ የማንም ይመስላል።

«የእኔ ልጅ ሞቷል» አለች፤ በአማርኛ።

እናቴ ለእኔ አማርኛ ተናግራ አታውቅም። አማርኛዋ ለዳኛ፣ ለቄስና ለግብር ሰብሳቢ ነው። ሦስተኛ ሰው እንደሚሰማን ገብቷታል፣ አልኩ በልቤ። ወይም ባዕድ ሰው እያናገረች ነው። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ጊዜ ስላልነበረኝ የመጀመሪያውን መረጥኩ። እኔም በአማርኛ፣

«ይቅርታ እማማ፣ ሰው ተሳስቼ ነው። እርስዎን ረበሽኩ» አልኳት።

«ምን አለበት፤ የሰው ልጅ ይሳሳታል። ሩቅ ነህ?»

«ሩቅ ነኝ።»

«ይበርዳል?»

«ይበርዳል እማማ። ይዘንባል።»

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ደርበህ ልበስ። እናትህ ታስባለች።»

ኦፕሬተሯ ገባች። «እማማ፣ የማያውቁትን ሰው እያዋሩ መስመር ይዘዋል።»

«ጨረስኩ ልጄ። የሰው ልጅ ብርድ ላይ ነኝ ሲል ዝም ልበል?»

ልትዘጋ ነው። «እማማ» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ «እርስዎስ ምን ለብሰዋል?»

«እኔማ ከል ነው የለበስኩት» አለች። «ሰው የሞተብኝ ነኝ።» ከዚያ ደረቅ ጠቅታ፤ ከዚያ የሆላንዷ ሴት ድምፅ፤ ጨረስክ ወይ ትለኛለች።

እናቴ ደርግ ሳይወድቅ ዐረፈች፤ ከሉን አላወለቀችም። ለእኔ ይሁን ለሊቀመንበሩ ዓይን የለበሰችው አያ ቢሻውም አያውቅም። ከብዙ ዘመን በኋላ አገር ሲከፈት ሄጄ አገኘሁት፤ አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዞ። እንደነገረኝ፣ ያን የስልክ ቀን ከዳንግላ ሲመለሱ በበቅሎ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ የጥርባ መገንጠያ ሲደርሱ ጠየቃት።

«ጥሩነሽ፣ አወቅሽው?»

«ማንን?» አለችውና በቅሎዋን ኮልኮል አድርጋ ቀደመችው።

አያ ቢሻው ዕድሜውን ሙሉ ውሸት ያውቃል፤ ያቺን «ማንን?» ግን መለየት አቃተው። «እስኪ አንተ ድምፅ የተማርከው ንገረኝ» አለኝ። የእናቴን አባባል ሊያሰማኝ እየሞከረ ደጋግሞ አላት፤ አንዴ ዝቅ አድርጎ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ እየሳቀ። አንዱም እሷን አልመሰለም።